የአውሮፕላኑ ጀርባ

አርባ ዓመት ሙሉ አሮጌውን አዲስ ሳስመስል ኖሬአለሁ። ሞላሌ መንገድ ዳር ካለችው ጋራዤ የገባ የጭነት መኪና ሁሉ ዝገቱ ተፍቆ፣ ስብራቱ በስቱኮ ተደፍኖ፣ ቀለም ተነፍቶበት ሲወጣ የገዛ ባለቤቱ ቆሞ ይፈልገዋል። በዚህ ሥራ እኔን የሚያክል በአካባቢው የለም። ይሄ ጉራ ነው የሚል ካለ መኪናውን ይዞ ይምጣ። እንዲህ ያለሁት ሰው ነኝ እንግዲህ በዚህ ዕድሜዬ፣ ከክርኔ እስከ ጣቴ ጫፍ በማትሞላ የፕላስቲክ አውሮፕላን ፊት ተቀምጬ፣ አዲሷን አሮጌ ለማስመሰል ዐይኔ እስኪቀላ የታገልኩት።

ያደረግሁት ለአባቴ ብዬ ነው። መጀመሪያ ላይ ግን የጠቀምኳቸው መስሎኝ የጎዳሁት እሳቸውኑ ነበር።

አባቴ ቄስ ናቸው። ዘጠናን ካለፉ ቆይተዋል። ገደል አፋፍ ላይ ባለችው ደብራችን ከዲቁና ጀምረው አገልግለው፣ አሁን ቅዳሴውን ለወጣቶቹ ትተው በመቋሚያቸው ተደግፈው ያስቀድሳሉ። የተጣላ የሚታረቀው እሳቸው ፊት ነው። ወሰን የተካካደ ሁለት ጎረቤት እንኳ «አባ ካሉ አሉ ነው» ብሎ ይለያያል። ቃላቸው በአገሩ እንዲህ የተከበረ ነው፤ በአንድ ነገር ብቻ ሲቀር። በልጅነታቸው፣ በጣሊያን ጊዜ፣ «የአውሮፕላን ጀርባ አይቻለሁ» ይላሉ።

ታሪኩ አጭር ነው። እናታቸውና የመንደሩ ሰው አፋፉ ሥር ካለ ዋሻ ተሸሽገው ሳለ እሳቸው ውሃ እንዲቀዱ ተላኩ። ምንጩ ጋ ሲደርሱ ጉርምርምታ ሰሙ። ሰማዩን ቢያዩ ምንም የለም። ድምፁ የሚመጣው ከታች ነበር። ሦስት ሞተር ያለው አውሮፕላን ከመርሐቤቴ በኩል ሸለቆውን ተከትሎ ሲመጣ፣ እሳቸው አፋፉ ላይ እንደቆሙ ከእግራቸው በታች አለፈ። ጀርባው ነጭ ነበር። በነጩ ላይ ደግሞ ከመሐል ተነሥተው ወደ ክንፉ ጫፍ እየሰፉ የሚሄዱ ቀይ መስመሮች ነበሩበት። ከዚያ ቆላው ላይ ካለው መንደር ሦስት ቤት አቃጥሎ ሄደ።

ሰውን የሚያስቀው ቀዩ ነው። በዚያ ዘመን አውሮፕላን ያየ ያገሬ ሰው ሁሉ ከገብስ ማሳው ላይ ሆኖ ቀና ብሎ ነው ያየው። ቀና ብሎ ያየው ሁሉ ደግሞ አመድ ይመስል ነበር ብሎ ነው ለልጁ የነገረው። ስለዚህ አባቴ ገና ዳዊት ሳይደግሙ «ጀርባ አየሁ» የሚል ስም ወጣላቸው። ቄስ ሆኑ፣ ሸበቱ፣ ልጅ አደረሱ፤ ስሙ ግን አልለቀቃቸውም።

ከሁሉ የባሱት ደግሞ ከዘመሮ መንገድ ላይ የሚኖሩት፣ እኔ አያ የምላቸው ገበሬ ናቸው። ከአባቴ በሁለት ዓመት ይበልጣሉ፤ የልጅነት ባልንጀራቸው ናቸው። አብረው ቢያድጉም ክህነቱን አክብረው አባቴን አንቱ ይሏቸዋል፣ ሲያሾፉባቸውም በአንቱታ ነው። ሁለቱም በሚካኤል ማኅበር ጽዋ አብረው ይጠጣሉ። በየወሩ፣ ዳቦው ተቆርሶ ጠላው ሞቅ ሲያደርግ፣ አያ ጎናቸውን አመቻችተው ይጀምራሉ።

«አባ፣ እስቲ ይንገሩን። አውሮፕላኑ ከበታችዎ ካለፈ እርስዎ የት ነበሩ? ከመላእክቱ ጋር?»

ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። አባቴም አብረው ይስቃሉ። እኔ ግን ከማኅበር ሲመለሱ አያቸው ነበር፤ ጋቢያቸውን ተከናንበው መደብ ላይ ይቀመጣሉ፣ እራት ሲቀርብላቸው ጠግቤአለሁ ይላሉ። አንድ ጊዜ ሆድ ብሷቸው፣ «ተዝካሬ ላይ እንኳ ይስቁብኛል» አሉኝ። አባቴ ሞት አይፈሩም። የሚፈሩት ውሸታም ተብለው መቀበርን ነበር።

እውነቱን ልናገር፣ እኔም አላምናቸውም ነበር። ልጅ ነበሩ፣ ፈርተው ነበር፣ ፍርሃት የሌለ ቀለም ያሳያል ብዬ ነበር የደመደምኩት። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

በጥምቀት የእኅቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ስትመጣ አንድ ካርቶን ይዛልኝ መጣች። የምትሠራላቸው የውጭ አገር ሰዎች ወደ አገራቸው ሲመለሱ ዕቃቸውን ሲያድሉ ያገኘችው ነው። ውስጡ ብጥስጥስ ያለ የፕላስቲክ ክፍልፋይ አለ፤ እየቆረጡ የሚያጣብቁት፣ የጦርነት ጊዜ የጣሊያን አውሮፕላን የሚሆን። የአሠራር ወረቀቱ ጠፍቷል። የካርቶኑ ሥዕል ላይ አውሮፕላኑ በተመልካቹ አናት ላይ ሲመጣ ነው የተሣለው፤ ሆዱና ጎኑ እንጂ ጀርባው አይታይም። አባቴ ሥዕሉን ወደ ፀሐይ አዙረው፣ ሞተሮቹን በጣታቸው አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለው ነኩና «ይቺ ናት» አሉ። ያን ጊዜ ነው ልሠራት የወሰንኩት።

ማጣበቁን በአንድ ሳምንት ጨረስኩት። የሚያስቸግረው ቀለሙ ነበር። የጋራዡ መርጫ አንድ ጊዜ እፍ ቢልባት ጭቃ ያደርጋታል፣ ስለዚህ ጭረት የማስተካክልባትን ትንሿን መርጫ አውጥቼ፣ ቀለሙን በቲነር ውሃ እስኪመስል አቅጥኜ፣ ስስ ስስ አድርጌ ደራረብኩት። ከመጀመሬ በፊት ግን አባቴን ጠይቄ ነበር።

«ጀርባው ነጭ፣ በላዩ ቀይ መስመር» አሉኝ። ሰማንያ ዓመት ሲሉት የኖሩትን ነው።

እኔ ደግሞ የሙያ ኩራቴ ተነሣብኝ። «አባቴ፣ ለጦርነት የሚላክ አውሮፕላን ማን ቀይ ይቀባዋል? ከቀለም ሁሉ ከሩቅ የሚታየው ቀይ ነው። ይህን ሥራዬ ስለሆነ አውቀዋለሁ።»

ዝም አሉኝ። እኔም ዝምታቸውን እሺታ አድርጌ ወሰድኩትና ሆዷንም ጀርባዋንም አመድማ ቀባኋት።

ቀለሙ ሲደርቅ ከሱቅ የወጣች የልጅ መጫወቻ መሰለች። አሁን ያረጀ ዕቃ ማድረግ ነበረብኝ። መኪና የት የት እንደሚያረጅ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? እጅ የሚነካው ቦታ ይላጣል። እግር የሚረግጠው ይፋቃል። ዘይት ወደ ኋላ ይፈስሳል፣ ፀሐይ ከላይ ትበላለች፣ አቧራ ከታች ይይዛል። ዕድሜ ልኬን ያጠፋሁትን ሁሉ አንድ በአንድ መልሼ አደረግሁት። ከፍራሽ ስፖንጅ ቁራጭ ቆርጬ፣ ብርማ ቀለም አስነክቼ፣ ጨርቅ ላይ ጠረግ አድርጌ የክንፏን ጠርዝ ነካ ነካ ሳደርገው ቀለሙ ተልጦ ብረቱ የታየ መሰለ። ከጭነት መኪና ጭስ ማውጫ ጥላሸት ፍቄ፣ በቲነር በጥብጬ፣ በቀጭን ብሩሽ በየስፌቷ አፈሰስኩባት። የሞላሌን መንገድ አቧራ በነጠላ ነፍቼ ጎማዋ ላይ በተንኩት።

ባለቤቴ ቆማ ታየኝ ነበር። «ኩሽናዬ ጥላሸት ያዘ ብለህ ስትቆጣ የኖርክ ሰውዬ፣ ዛሬ በብሩሽ ትቀባለህ» አለች።

አንዱ ደንበኛዬ ደግሞ ሌላ ነገር አነሣ። «ያቃጠለንን ዕቃ ምን አድርጎልን ነው እንዲህ የምታሳምረው?»

«ማን አሳመረው? እያቆሸሽኩት ነው» አልኩት። እውነቴን ነው። ያቺን አውሮፕላን ማቆሸሽ ደስ ይለኝ ነበር።

የሚቀጥለው ማኅበር ተራው የእኛ ቤት ነበር። አውሮፕላን ያው ሽቅብ ነው የሚታየው ብዬ፣ እንግዶቹ ከመድረሳቸው በፊት ከጣሪያው ወጋግራ ላይ በክር አንጠለጠልኳት። ማኅበርተኛው እየገባ ቀና እያለ አፉን ያዘ። ጥላሸቱን አዩ፣ የፈሰሰውን ዘይት አዩ፣ የተላጠውን ጠርዝ አዩ። «ይሄ ሰው እጁ ይባረክ» አሉ። እኔ ግድግዳ ተደግፌ ደረቴን ነፍቻለሁ።

አያ መጨረሻ ላይ ገቡ። በምርኩዛቸው ተደግፈው ቀና አሉ፣ ከወዲህ አዩ፣ ከወዲያ አዩ። ከዚያ ምርኩዛቸውን መሬቱ ላይ አንድ ጊዜ መቱና፣

«አመድ!» አሉ። «ይኸው እኔ ያየሁት አመድ! አባ፣ ሌላው ቢቀር የገዛ ልጅዎ መሰከረብዎ!»

ቤቱ ተናጋ። እኔም ስለ ሥራዬ የሳቁ መስሎኝ አብሬ ሳቅሁ። ከዚያ አባቴን አየኋቸው። አልሳቁም። እስከዚያ ቀን ድረስ በሌላው ሰው ሁሉ ሳቅ አብረው የሚስቁት ሰው የዚያን ቀን አንገታቸውን ደፍተው በእጃቸው ያለውን ጽዋ ብቻ ነበር የሚያዩት።

ክው አልኩ። ሰማንያ ዓመት ሙሉ የተሟገታቸውን ሰው ቃል በቀለም ጽፌ፣ በገዛ ቤታቸው፣ በራሳቸው ላይ ሰቅዬባቸዋለሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት።

በማግሥቱ ጠዋት ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ፣ መቋሚያቸውን ይዘው ብቅ አሉና «ና፣ ውሰደኝ» አሉኝ። በበቅሎ አስቀምጬ ደብሩ ድረስ ወሰድኳቸው። ቤተ ክርስቲያኑን ተሳልመው፣ ዙሪያውን አልፈው፣ አፋፉ ጋ ሲደርሱ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል፣ ሰማዩ ግን ንጹሕ ነው። ከበታቻችን፣ ገደሉ ወገብ ላይ ካለው እርከን፣ በጎች ተበትነው ይግጣሉ።

«ምን ይታይሃል?» አሉኝ።

«በጎች።»

«የማን ናቸው?»

ቁልቁል አየሁ። ከዚያ ርቀት በግ የበግ ቅርጽ እንኳ የለውም። ጀርባቸው ላይ ግን ቀይ ቀለም አለ። «ቀዩ ያለባቸው የታችኛው ጎረቤታችን ናቸው» አልኩ።

«ቀዩስ የማን ነው?»

«የእኔ።» ትርፍ ቀይ ቀለም ሁልጊዜ ከጋራዤ የሚወስዱት እነሱ ናቸው። ሌሎችም ከጓሳ ድረስ እየመጡ ለበግ ምልክት ይለምኑኛል።

«ለምን ጀርባው ላይ ይቀቡታል? ለምን ሆዱን አይቀቡትም?»

«ሰው ከላይ ሆኖ ነዋ የሚፈልጋቸው! ሆዱን ቢቀቡት ማን...»

አባቴ አላገዙኝም። በጎቹን ብቻ ያያሉ። እኔ ግን እየሰማሁት፣ የገዛ አፌ መናገር ቀጠለ። አውሮፕላኑ በዚህ ገደል መካከል ቢወድቅስ? ከዚህ ሁሉ ድንጋይና ቁጥቋጦ ማን ለይቶ ያገኘዋል? የሚፈልጉት ጓደኞቹ ናቸው፣ የሚፈልጉትም በሌላ አውሮፕላን፣ ከላይ ሆነው ነው። ከታች ላለው ጠላት አመድ፣ ከላይ ለሚፈልገው ወገን ቀይ። ለእኛ የማይታየው እኛ ከታች ስለሆንን ነው። እኛ ግን መንዞች ነን፤ ገደል አፋፍ ላይ የምንኖር። በአገራችን ከታች የሌለ ሰውም አለ።

«አባቴ፣ ለዚህ ነው የቀቡት!» ብዬ ጮህኩ።

«እኔ እንጃ» አሉ። «እኔ ቀለም ቀቢ አይደለሁም። ያየሁትን ነው የነገርኩህ።»

ያን ቀን ለእኅቴ ልጅ ደወልኩና ከኢንተርኔት ላይ የዚህን ዓይነት አውሮፕላን ፎቶ ፈልጊልኝ፣ ሆዱን ሳይሆን ጀርባውን፣ አልኳት። አራት ቀን ቆየች። እኔ በእነዚያ አራት ቀናት አንድ መኪና ሁለት ጊዜ አበላሽቼ ቀባሁ። በአራተኛው ቀን የገበያ ዕለት፣ እጄ በቲነር እንደተነከረ ስልኬ ድምፅ ሰጠ። ከፈትኩት። ጥቁርና ነጭ ፎቶ ነው፤ ከሌላ አውሮፕላን ላይ ሆነው ያነሡት። ተራራ ከታች፣ አውሮፕላኑ በመካከል፣ ጀርባው ለእኔ። ክንፉ ነጣ ያለ ነው። በነጣው ላይ ከአካሉ ተነሥተው ወደ ጫፉ እየሰፉ የሚሄዱ ጠቆር ያሉ መስመሮች አሉበት።

አጠገቤ ባለ ጎማ ላይ ተቀመጥኩ። ከሥሩ የእኅቴ ልጅ ጽፋለች፤ መስመሮቹ ቀይ እንደነበሩ፣ የወደቀ እንዲገኝ ብለው እንደቀቡት ማንበቧን። እንባዬ መጣ፤ ሳቄም መጣ። ጋራዡን ለሠራተኛዬ ጥዬ፣ ገበያውን መሐል ለመሐል ሰንጥቄ፣ ከሸክላ ሻጮቹ ጋር ልጋጭ ምንም ሳይቀረኝ ቤት ደረስኩ። አባቴ ዳዊት ይደግማሉ። ስልኩን ፊታቸው ደቀንኩት። መነጽራቸውን አስተካክለው ትንሽ አዩትና፣

«እህ፤ እሷ ናት» አሉ። ወደ ዳዊታቸውም ተመለሱ።

እኔ ዓለምን ያሸነፍኩ መስሎኝ እያለከለክሁ ቆሜአለሁ። ለእሳቸው ግን ምኑ ነው አዲሱ? የሚያውቁትን ነው ያሳየኋቸው።

ጀርባዋን እንደገና ቀባሁት። አመድማውን በብርጭቆ ወረቀት ፈቅፍቄ፣ ነጩን ነፋሁ፤ እንደ በረዶ የነጣ ሳይሆን ታጥቦ ታጥቦ የወየበ አቡጀዲ የሚመስለውን። ማጣበቂያ ፕላስተር በምላጭ በቀጭኑ እየሸነተርኩ መስመሮቹን አወጣሁ። አባቴ በዚህ ጊዜ ጋራዡ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠው አሠሪዬ ሆነዋል። የመጀመሪያውን ቀይ ሳሳያቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይሄ ዛሬ የተቀባ ነው። እሱ ፀሐይ የጠጣ ነበር።» ትንሽ ነጭ፣ ትንሽ ቡኒ ጨመርኩ። «ገና ነው።» እንደገና ጨመርኩ። በስድስተኛው «እሱ ነው» አሉ።

ቀለሙ ሲደርቅ ወደ ማርጀቱ ገባን። ብሩሼን ጥላሸት አጥቅሼ ከክንፎቿ ሞተሮች ጀርባ ልስበው ስል እጄን ያዙኝ።

«እኩል አታድርገው። በቀኝ በኩል ያለው ረዥም ነበር። ክንፉን እስከ ኋላ ጠርዙ ድረስ፣ ቀዩን ጭምር አጥቁሮታል። በግራ ያለው ትንሽ ነው።»

ብሩሼን እንደያዝኩ ቀረሁ። ይህን ለሰው ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም፤ የጠየቃቸውም የለም። እኔ ግን ሞተር አውቃለሁ። ዘይት መጠጣት የጀመረ ሞተር ከጓደኞቹ ተለይቶ ያጨሳል። ውሸት የሚፈጥር ሰው ሁለቱን እኩል ያጠቁራል። አንዱ ሞተር መታመሙን የሚያውቀው ቆሞ ያየ ሰው ብቻ ነው። የዚያን ቀን ነው አባቴን ጨርሼ ያመንኳቸው። በልቤ አፍሬ፣ ጥቁሩን እሳቸው እንዳሉት በቀኝ በኩል እስከ ኋላ ጠርዙ ሳብኩት።

ቀጣዩ ማኅበር በአያ ቤት ነበር። ቤታቸው ከፍ ካለ ቦታ ላይ ነው፤ ከደጁ የድንጋይ ካብ ሥር አውድማቸው ተዘርግቷል፣ ከካቡ ቢያንስ በሁለት ሰው ቁመት ዝቅ ይላል። ማለዳ ደርሼ አውሮፕላኗን አውድማው መሐል አስቀመጥኳት። ጣሪያ ላይ የመስቀል ስህተቴን አንድ ጊዜ ሠርቼዋለሁ፣ ይበቃኛል። ጸሎቱ ደርሶ ሰው ሳይቀመጥ፣ የማኅበሩን ሙሴ፣ መሪያችንን፣ አስፈቀድኩና ሁሉንም ወደ ካቡ ጠራኋቸው።

«አሁን ቁልቁል እዩ» አልኳቸው።

አዩ። የጠዋት ፀሐይ ጀርባዋ ላይ አርፋ ነበር። ቀዩ ከዚያ ሁሉ ገለባና ድንጋይ መካከል ዐይን ይስባል፤ ዐይንህን ብታነሣ እንኳ ተመልሶ ይጠራሃል። ማንም አልሳቀም። ስልኬን አወጣሁና ፎቶውን ከእጅ ወደ እጅ አሳለፍኩት። ሽማግሌዎቹ ስልኩን ያያሉ፣ አውድማውን ያያሉ፣ ደግሞ ስልኩን ያያሉ። የወደቀ እንዲገኝ ብለው እንደቀቡት ነገርኳቸው። አንዱ ከኋላ ቀስ ብሎ «እንደ በጋችን» አለ።

አያ ስልኩን ለጎረቤታቸው መልሰው፣ ልጆቻቸው ሊደግፏቸው ሲሉ እጃቸውን ነጥቀው፣ በካቡ ጎን ባለው መውረጃ በምርኩዛቸው ቀስ እያሉ አውድማው ወረዱ። ጎንበስ ብለው አውሮፕላኗን አነሡ። በሁለት እጃቸው ከራሳቸው በላይ ከፍ አድርገው ያዟትና ቀና ብለው ሆዷን አዩ። አመድ ነው። ረዥም ጊዜ አዩት፤ የልጅነት ዐይናቸው ያየው ያ ነው። ከዚያ ዝቅ አድርገው ገለበጧት። ቀይ። እንደገና ከፍ አደረጓት፣ እንደገና ገለበጧት። ብልጥ ሰው ቢሆኑ እዚህ ላይ ቀልደው ያልፉት ነበር። አያ ግን እውነተኛ ሰው ናቸው፤ እልኸኛ ቢሆኑም።

ወደ ካቡ ቀና አሉ። አባቴ ጠርዙ ላይ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመዋል፤ አሁንም ከላይ ናቸው።

«አባ» አሉ አያ፣ «እኔም አይቻለሁ፣ እርስዎም አይተዋል። ውሸታም ያልኩዎ ግን እኔ ነኝ። ይፍቱኝ።»

አባቴን አየኋቸው፤ ያለቅሳሉ ብዬ ነበር። አላለቀሱም። እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ወደፊት ዘንበል አሉ። ጆሯቸው ከእኔ ጆሮ ይሻላል።

«እ? አልሰማሁም። ድገመው።»

«አይተዋል!» አሉ አያ ጮክ ብለው።

«ሙሴው አልሰማም። ድገመው።»

«አይተዋል! በሚካኤል፣ ጀርባውን አይተዋል!» አያ ሳቃቸው መጣ። ማኅበርተኛው በሙሉ ፈነዳ፣ ሴቶቹ ከቤት ወጥተው እልል አሉ፣ አባቴም ከት ብለው ሳቁ፤ እንደዚያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ልጆቻቸው አያን ደግፈው አወጧቸው። አባቴ በመስቀላቸው ባርከው «እግዚአብሔር ይፍታህ» አሏቸውና ተሳሳሙ። በቃ፣ አለቀ ብዬ አውሮፕላኗን ላመጣ ስነሣ መቋሚያው ደረቴ ላይ አረፈ።

«አንተስ?» አሉኝ አባቴ።

ለማንም ተናግሬ አላውቅም ብያችሁ አልነበር? ለካ ሳልናገረውም ያውቁት ኖሯል። ሰው ሁሉ ያየኛል። ልሸሽ ግን አልፈለግሁም። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ።

«እኔም አላመንኩዎትም ነበር፣ አባቴ። አይተዋል።»

እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑ። ከላይ ድምፃቸው መጣ።

«አልሰማሁም» አሉ።

ቀና ብዬ፣ ማኅበርተኛው ሁሉ እንዲሰማ፣ ጮክ ብዬ ደገምኩት።